«ማሽን ላይ የገባ ልጅ አይመለስም» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ2 ዓመት ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ክፍተት አለባት። ጉንፋን ብሎ የጀመራት ሳምባ ምች ሆነና ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ከገባች ዛሬ 6ኛ ቀኗ ነው። ቫይረስ ነው እያሉ አንቲባዮቲክ ይሰጧታል፣ ሰው ደግሞ ማሽን ላይ የገባ አይመለስም ይለኛል። ትናንት እንባዋ ዝም ብሎ ሲወርድ አየሁ፣ ድምጽ ግን የላትም። ምን ሆና ነው?

መልስ፦ እህቴ ከእንባዋ ልጀምር፣ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ከማሽኑ ወደ ሳምባዋ አየር የሚያስገባው ቱቦ በድምጽ አውታሮቿ መሀል አልፎ ስለሚቀመጥ ብታለቅስም ድምጽ አይወጣትም፣ ቱቦው ሲወጣላት መጀመሪያ ድምጿ ጎርነን ይልና አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይስተካከላል። ማልቀሷን ግን ዝም እንዳትይ፣ የማስተኛው መድኃኒት ቀንሶባት ወይ አክታ ቱቦው ውስጥ ተይዞ ሳክሽን (አክታውን በማሽን መምጠጥ) ፈልጋ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለነርሷ ንገሪ። እጇን ይዘሽ አውሪያት፣ ልትሰማሽ ትችላለች።

«አይመለስም» የሚሉሽ ማሽን ላይ የሚገባው በጣም የታመመ ሰው ስለሆነ ነው፣ የሚመለሱም ብዙ ናቸው። የአንቺዋን ሳላያት ትድናለች ብዬ አልምልልሽም። ማሽኑ ቫይረሱን አይገድልም፣ የደከመ ጡንቻዋን ተክቶ እየተነፈሰላት ሰውነቷ ራሱ እስኪያሸንፍ ፋታ ይሰጣታል፣ በቃ። እንደሷ ያለ የልብ ክፍተት ብዙ ጊዜ ወደ ሳምባ የሚሄደውን ደም ያበዛዋል፣ ስለዚህ ሌላው ልጅ በአፍንጫ ኦክስጅን ብቻ የሚያልፈው ቫይረስ እሷን ቶሎ ያደክማታል፣ ከማሽን ስትላቀቅም ትዘገያለች። ሞኒተሩ ላይ የደሟ ኦክስጅን 94 ሆኖ አይተሽ ለምን 100 አላደረጉላትም ብለሽ እንዳትጣዪ (ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይጣላል)፣ ኦክስጅን ሲበዛ የሳምባዋን ደም ስር ያሰፋና ደሙ ጭራሽ ወደዚያ ይጎርፋል።

አንቲባዮቲኩ ለቫይረሱ አይደለም። እንዲህ የጠናባት ልጅ ላይ ባክቴሪያ ተደርቦ እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መለየት ስለሚያስቸግር ነው የሚጀመረው፣ ካልቸሩ (ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳየው የላብራቶሪ ምርመራ) ምን አለ፣ መቼ ይቆማል ብለሽ ጠይቂያቸው።

ራውንድ ላይ (ሐኪሞቹ ልጆቹን እየዞሩ ሲያዩ) ደግሞ ማሽኑ የሚሰጣት ኦክስጅንና ግፊት እየቀነሰ ነው ወይ፣ ራሷ ትንፋሽ እየጀመረች ነው ወይ በይ። ሁለቱም አዎ ከሆኑ የማሽኑን እገዛ በጣም ቀንሰው ራሷ እንድትተነፍስ ይሞክሯታል፣ ከቻለች ቱቦውን ያወጡና ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀን በማስክ ወይ በአፍንጫ በሚገባ አየር ያግዟታል። አንዳንዱ ልጅ፣ በተለይ እንደሷ ሌላ ህመም ያለበት፣ ከወጣለት በኋላ ደክሞት ተመልሶ ማሽን ላይ ይገባል፣ ያኔ አለቀላት ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ትንሽ አርፋ እንደገና ይሞከራል።