ገጹን ስገልጥበት

ሰሞኑን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆነች ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ዕቅድና ክትትል ላይ ገና መቀጠሯ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ክልል በትምህርት ጎበዝ ነው የሚባለው በምኑ ተለክቶ ነው?» አለችኝ። ስክሪኗ ላይ የክልሎች ሰንጠረዥ አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብቻ ነው። ዝም አልኳት። አንድ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ያኔ ይሄ ሰፈር ባሕር ዛፍና ማሳ ነበር፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ አንዴ እንደውም አንድ እግሬን ባዶ ይዤ ስብሰባ ገብቻለሁ። ከከተማዋ ዳር አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የተማሪና የክፍል ጥምርታው፣ ያቋረጡት ቁጥር፣ ሮስተሩ፣ ሁሉም ተሟልቶ ጠበቀኝ። ሦስተኛ ክፍል ገባሁና ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ አንብብ አልኩት። ጣቱን ከፊደል ፊደል እየጎተተ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ወረደው። ደስ አለኝ። እንዲሁ፣ ሳላስበው፣ ገጹን ገለጥኩበት። ጣቱን አዲሱ ገጽ ላይ አድርጎ ያንኑ የድሮውን ደገመልኝ። አስተማሪዋ መሬት መሬት አየች። ልጁ ግን «ጨረስኩ» ብሎ ፈገግ አለ።

ቅጹ ላይ «ማንበብ ይችላሉ» የሚለው ጋ ራይት አደረግኩ። ርዕሰ መምህሩ ቡና አስፈልቶ ነበር፣ መሽቶም ነበር፣ ደግሞ ያኔ እስከ 3ኛ ክፍል ማንም አይወድቅም ነበር፣ በነጻ ነበር የሚዛወረው፤ ማን ይጠይቀኛል? በ2002 በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ሲባል አገር ደነገጠ። እኔም የደነገጥኩ መሰልኩ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ግራፍ ትወዳላችሁ፤ ጭቃ ግን አትወዱም። ስንት ተመዘገበ፣ ስንት አለፈ የሚለውን ቁጥር አትመኑ። ደሞ ዞሬ ልናገር፦ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ባይባል ኖሮ ማን ይነቃ ነበር? ያም ቁጥር ነው። ልዩነቱ ኩረጃው ሲቀር የወጣ ቁጥር መሆኑ ነው፤ ደግሞም ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ነው የመጣው።

ለልጅቷ ይሄን ሁሉ አወራኋት። ክልል ለክልል ከማወዳደርሽ በፊት ሄደሽ ገጽ ግለጪ አልኳት። ቡናዋን ፉት ብላ «እሺ ጋሼ፣ ግን ይሄ የትኛው ኮለም ውስጥ ይገባል?» አለችኝ።