የአያትህን ጎራዴ ግራይንደር አታስነካው

ወንድሜ፣ አብሽር። የአያትህ ጎራዴ ሐይቅ ቤታችሁ ቆጥ ላይ ዝጎ ተገኝቶ «በሎሚና በብርጭቆ ወረቀት ልፈትገው ወይ?» ብለሃል። ኧረ በአላህ ተው!

አንደኛ፣ ጥቁሩን ከቀዩ ለይ። ጥቁር ቡናማው የዕድሜው ቀለም ነው፤ አይነካም። ብረቱን የሚበላው እንደ በርበሬ እጅ ላይ የሚራገፈው ቀዩ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእጀታው በላይ ያለውን ስንዝር ቦታ ፀሐይ ላይ አጋድመህ እየው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። የአያቴ ጎራዴ ላይ አንበሳና «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ከሥሩ በላቲን ፊደል ዞሊንገን ይላል። የጀርመን ከተማ ናት። በምኒልክ ጊዜና ከዚያም ወዲህ ብዙ ስለት ከዚያ ይመጣ ነበር። ይሄን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። ለእህቴ ሠርግ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብዬ ደሴ አንድ ብረት ቤት ወሰድኩት። «ሻይ ጠጥተህ ና» አለኝ። ስመለስ እንደ ማንኪያ ያብረቀርቃል። አንበሳው የለም! ለካ እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአሲድ ላይ ላዩን የተበላ ነው፤ ግራይንደር አንዴ ካለፈበት አለቀ። አባቴ አየውና ምንም ሳይናገር ጓዳ ገባ። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ከባቲ የሰኞ ገበያ የገዛሁትን የአፋር ጊሌ (ቆልማማ ጩቤ) ራሴ ነው ያጸዳሁት። ውሃ የለ፣ ሎሚ የለ። የሲንጀር (የልብስ ስፌት መኪና) ዘይት በጥጥ ጨርቅ ቀብቼ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት የላላውን ዝገት በሸንበቆ ስንጣሪ ቀስ አድርጌ አነሳለሁ፤ እጠርጋለሁ፤ ማታ ደግሞ እቀባለሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን ያየው ሁሉ እጄን ይመርቃል። ዘይቱን እጀታውና ቆዳው ላይ እንዳታደርስ። ወደ አፎቱም አትመልሰው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። በደሴ ክረምት ደግሞ አስበው! በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለህ ለብቻው አስቀምጥ።

ውጭ ላለው አጎትህ እልከዋለሁ ያልከውን ያለ ፈቃድ እንዳታስበው። በ1992ቱ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። የቅርስ ቢሮዎቹ ግን ትዕግሥት ይፈትናሉ። እኔ ላስመዝግብ ብዬ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄማ የቆራሌው ነው» አለኝ። አንተ ግን ተስፋ አትቁረጥ።

ጨርቅ ሳታነሳ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሳው። እኔ የዚያ አንበሳ አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም።