ኦቾሎኒና እንቁላል ለማይስማማው ልጅ ምን መክሰስ ይሁን?

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ከዚራ ሰፈር ኳስ ሲያሯሩጥ ውሎ ርቦት ነው የሚገባው፣ ኦቾሎኒና እንቁላል ግን አለርጂ አለበት፣ ፕሮቲን ያለው ምን ልስጠው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ የኦቾሎኒ አገሩ ባቢሌ ጎረቤታችን ሆኖ ከኦቾሎኒ መሸሽማ ከባድ ነው! የሽምብራ ቆሎ አሪፍ ነው፣ 100 ግራሙ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ግን ቀፊራ ገበያ የተቆላውን አትግዢ፣ ኦቾሎኒ ከተቆላበት ምጣድ ወይ ከተሰፈረበት ጣሳ ሊነካካ ይችላል፣ ጥሬውን ገዝተሽ ቤትሽ ቁዪው። ሽምብራና ኦቾሎኒ ዘመዳሞች ስለሆኑ (አብዛኞቹን ልጆች ባይጎዳም) መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ። እርጎ፣ አይብ በዳቦ፣ ቋንጣም ይሆናል፣ ዳቦው ላይ እንቁላል እንዳልተቀባ ብቻ እዪ። ሐላዋ ይቅርበት፣ ኦቾሎኒ የሚገባበት አለ። ከንፈሩ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሐኪም ያዘዘለት የአለርጂ መርፌ (ኤፒነፍሪን) ካለ ወዲያው ስጪው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ምንም ሳትሞክሪ ቀጥታ ሆስፒታል።