የቀድሞ ጠበቃሽ 380 ሺህ ብር ክፈይ ላለሽ እህቴ፦ መጀመሪያ መዝገቡን አስገልብጪ

ከቱሉ ዲምቱ ለጻፍሽው እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ አርፏል፤ የውርሱ ጉዳይ ሳያልቅ ጠበቃ ቀይረሻል። የቀድሞው ጠበቃ ደግሞ «380 ሺህ ብር ካልከፈልሽ ፋይሉን አልሰጥም» ብሎሻል። «ልክፈልና ልገላገል ወይ?» ነው ያልሽው።

አትክፈይ። ቢያንስ አሁን አትክፈይ። እኔ እዚህ የካ አባዶ ሆኜ ይህንኑ አይቻለሁ። የተጠየቅኩት ደግሞ ካንቺ ይበልጥ ነበር።

ስለ ወራሽነት ማስረጃ አወጣጥ አልነግርሽም፤ ያንን ጨርሰሻል። ስለ ሂሳቡ ብቻ ልንገርሽ።

1. ውክልናውን ቶሎ ሻሪ። ሌላ ጠበቃ ያዝሽ ማለት የድሮው ውክልና ተሻረ ማለት አይደለም። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ መሻሪያውን አስመዝግቢ። አንዱን ቅጂ ለእሱ፣ አንዱን ለችሎቱ ስጪ። ወረቀቱ ላይ «ይህ ውክልና አይሻርም» የሚል ቢኖር እንኳ አትደንግጪ። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ይህን መብት በውል ማስቀረት አይቻልም። የእኔ ወረቀት ላይም ያ ቃል ነበረበት። ያስፈረመኝ ገና ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ፣ የባለቤቴ ወንድም «ጎበዝ ጠበቃ ነው» ብሎ ለቅሶ ቤት ድረስ ይዞት መጥቶ ነው። ሰው በዚያ ሰዓት ምን ያነባል? ይህንን እስካሁን ይቅር አላልኩም።

2. ዝርዝር ጠይቂ፣ በጽሑፍ። በስልክ አይሆንም። በስልክ ያለሽን ነገ «አላልኩም» ይልሻል። የእኔው መጀመሪያ በቴሌግራም አንድ ቁጥር ብቻ ላከልኝ፦ 442,500 ብር። ከምን የመጣ ነው ስለው «የሙያ ክፍያ ነው፣ አይገባሽም» አለኝ። በደብዳቤ ስጠይቅና ቅጂውን አስፈርሜ ስይዝ ግን ዝርዝሩ መጣ። 350 ሺህ «ከውርስ ሀብቱ 5 በመቶ»፣ 52,500 ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 40 ሺህ «የጉዳይ ማስፈጸሚያ»። መጀመሪያ የከፈልኩት 60 ሺህ ቅድመ ክፍያ የትም ቦታ አልተቀነሰም።

ታክሱን ወዲያው ጠየቅኩት። ተጨማሪ እሴት ታክስ መሰብሰብ የሚችለው ለዚያ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። «የምዝገባ ወረቀትዎን ያሳዩኝ፣ ደረሰኝም ይቁረጡልኝ» አልኩት። በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ 52,500ው ጠፋ። «የጉዳይ ማስፈጸሚያ» ለሚለውም ደረሰኝ ጠየቅኩ፤ ምንም አላመጣም። ያንቺም 380 ሺህ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

3. ፐርሰንቱ ከምን ላይ እንደተሰላ እዪ። እዚህ ላይ በደንብ አድምጪኝ፤ ትልቁ ብር ያለው እዚህ ነው። እኛ በትዳር ውስጥ ያፈራነው ሁለት ነገር አለ፦ የካ አባዶ ያለው የ20/80 ኮንዶሚኒየምና ለገጣፎ የሠራነው ትንሽ ግቢ። ጠበቃው ሁለቱን ደላላ በነገረው ዋጋ 7 ሚሊዮን ብሎ ገመተና 5 በመቶውን አወጣ። ግን 7 ሚሊዮኑ ሁሉ ውርስ ነው እንዴ? በትዳር የተፈራ ሀብት የጋራ ነው። አንዱ ሲሞት ግማሹ የቀሪው ነው፤ ቀድሞም የራሱ ነበር። ውርስ የሚባለው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ ያ ግማሽ ለልጆቹ ይሄዳል። እኔ ግማሹን ከባሌ አልወረስኩም። ኮንዶሚኒየሙን ከደመወዛችን እየቆጠብን የከፈልነው ሁለታችን ነን። ታዲያ የራሴን ድርሻ «አስወረስኩሽ» ብሎ 5 በመቶ ሊወስድ ነው? በዚህ ብቻ 350 ሺሁ 175 ሺህ ይሆናል።

ደግሞ ውሉን ገልጠሽ ክፍያው መቼ ነው የሚለውን ፈልጊ። የእኔ ውል «ፍርድ ቤቱ የውርስ ማጣራት ሪፖርቱን ሲያጸድቅ» ይላል። እሱን ሳሰናብተው ውርስ አጣሪው፣ ማለትም የውርሱን ሀብትና ዕዳ እንዲያጣራ ፍርድ ቤት የሚሾመው ሰው፣ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ጠበቃው ያመጣው የወራሽነት ማስረጃውን ነው፤ የአጣሪ ሹመት ማመልከቻም አስገብቷል። ያንን ሠርቷል፤ ለሠራው ይከፈለው። ላልሠራው ግን ልጆቼን ምን አስከፈላቸው?

የለገጣፎው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ለገጣፎ አሁን ሸገር ከተማ ነው፤ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ጉዳያችን የተያዘው እዚያው ባለው ፍርድ ቤት ነው፤ አቤቱታውም በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ነው የገባው። የእኔ ጠበቃ ፈቃዱ የፌዴራል ነው። እዚያ መቆም ስለማይችል የክልሉ ፈቃድ ያለው ሌላ ጠበቃ ያዝኩ፤ ለእሱም ከኪሴ ከፈልኩ። የፌዴራሉ ጠበቃ ግን የለገጣፎውን ግቢም 5 በመቶው ውስጥ ከቶታል! ዳር ከተማ ያለን ሰዎች ይህን ማየት አለብን። ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነና ጠበቃው እዚያ ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ። ቱሉ ዲምቱ ብትሆኚም ሌላ ቦታ ቤት ካላችሁ ያው ነው።

4. መዝገቡን አስገልብጪ። ካልኩሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታደርጊ ከሆነ ይህን አድርጊ። ከጠበቃ ጋር በቃል ስትከራከሪ አታሸንፊም፤ ሥራው ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን ማን መቼ እንደቀረበ ይናገራል። በየቀጠሮው የሚጻፍ ትዕዛዝ አለ። ያንን ነው የምትፈልጊው።

የዚያን መዝገብ ቤት ነገር ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አልጽፍም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የመዝገብ ቁጥሩን እንኳ ሳትቀበለኝ «ጠበቃ አለሽ አይደል? እሱ ይምጣ» አለችኝ። አሰናብቼዋለሁ፣ መሻሪያውም ይኸው አልኳት። ወረቀቱን አላየችውም። «እናንተ ፋይል ትወስዱና ታጠፋላችሁ» አለችኝ። አስቢው። በጨለማ ከቤት ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ትንሿን ልጄን ጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት። የልጆቼ አባት ስም ያለበትን ፋይል ነው ታጠፋለች የምትለኝ። ስመለስ ደግሞ «ዳኛ ጋ ነው»። ከዚያ «ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል»። ኮሪደሩ ላይ የሚውል አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ አምስት መቶ ብር ካለሽ አሁኑኑ ይወጣል» አለኝ። አልሰጠሁትም። መብቴን ገንዘብ ከፍዬ አልገዛም።

ከዚያ ለሬጅስትራሩ፣ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ማለቴ ነው፣ ማመልከቻ ጻፍኩ። ረጅም አይደለም። «የመዝገብ ቁጥሩ ይህ ነው። አመልካቿ እኔ ነኝ። የትዕዛዞቹና የውሳኔው ግልባጭ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። መሻሪያውንና መታወቂያዬን አያያዝኩ። ሬጅስትራሩ ጨዋ ሰው ነበሩ። አንብበው ዳር ላይ «ይሰጣቸው» ብለው ፈረሙ። ያችው ልጅ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውጥታ ሰጠችኝ። ዳኛ ጋ አልነበረም። ማሽኑም አልተበላሸም። ያን ቀን ያለቀስኩት ከንዴት ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ፋይሉን አቅፌ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ጠበቃው 11 ጊዜ ችሎት ቀርቤያለሁ ብሏል። መዝገቡ ላይ የቀረበው 4 ጊዜ ነው። አንዱ ትዕዛዝ «የአመልካች ጠበቃ አልቀረቡም፣ አመልካች ራሳቸው ቀርበዋል» ይላል። ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ። ዳኛው ሲጠይቁኝ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ብቻዬን ቆሜ መልሻለሁ። እሱ ያንኑ ቀን ሂሳብ ውስጥ አስገብቶታል!

ተራ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፣ ይቅርታ። የቀረውን እንዲሁ ልበልሽ።

«ፋይሉን አልሰጥም» ያለሽ ነው መሰለኝ ያስፈራሽ። እኔንም የያዘኝ በዚያ ነበር። ግን ምንድን ነው የያዘው? የውሳኔው ቅጂ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት። ውሳኔውን ፍርድ ቤቱ እንደገና ገልብጦ ይሰጥሻል። ሌላው ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይወጣል። የቤቱን ዋናውን ካርታ እኔ ለማንም አልሰጠሁም። «ችሎቱ ይጠይቃል» ሲለኝ «ሲጠይቅ ይዤ እመጣለሁ» አልኩት። ይዤ ሄድኩ፣ ከኮፒው ጋር ተመሳክሮ ተመለሰልኝ። ያንቺ ካርታ እሱ ጋ ከሆነ ግን ዛሬውኑ በደብዳቤ ጠይቂው። የክፍያ ክርክሩና ካርታው እንዳይደባለቁብሽ ለየብቻ ጻፊ።

አዲሷ ጠበቃዬ አያት አካባቢ ቢሮ ያላት ወጣት ናት። ለእያንዳንዱ ደረጃ ቁርጥ ዋጋ ነግራኝ፣ በየክፍያው ደረሰኝ እየቆረጠች ነው የሠራችልኝ። እሷ ያስተማረችኝን ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወኪል ክፍያ ከተሠራው ሥራ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ሲበዛ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ይችላል ይላል። ነገር ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ወደሽ ፈቅደሽ የከፈልሽውን ማስቀነስ አትችዪም። ስለዚህ ነው «ልክፈልና ልገላገል» ስትዪ የደነገጥኩት። ከከፈልሽ በኋላ መከራከር ሌላ ጣጣ ነው። ያመንሽበት ክፍል ካለ እሱን ብቻ ክፈይ፤ በባንክ፣ ምክንያቱን ጽፈሽ።

የዲሲፕሊን አቤቱታም አለ። የፌዴራል ጠበቆች የሚተዳደሩት በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ያልቀረበበትን ችሎት ያስከፈለ ጠበቃ መጠየቅ አለበት። ግን ሁለቱን አታምታቺ። የዲሲፕሊኑ ነገር ሰውየው በሥነ ምግባሩ እንዲጠየቅ ነው። የብሩ ክርክር የፍርድ ቤት ነው። እኔ አቤቱታውን ጽፌ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳላስገባው ተስማማን።

እንዴት ተስማማን? የመዝገቡን ግልባጭ፣ የእሱን ዝርዝርና ውሉን ይዤ ከአዲሷ ጠበቃ ጋር ቢሮው ሄድን። መጀመሪያ ጮኸ። «ሙያዬን ደፈርሽ፣ ቤተሰብ ብዬ ነው የያዝኩልሽ» አለ። የባለቤቴ ወንድምም ደውሎ «አሳፈርሽኝ» አለኝ። ለእሱ ያልኩት፣ «የወንድምህ ልጆች ብር ነው፤ ማፈር ያለበት ሌላ ሰው ነው» ነው። ጠበቃውን ግን አልተጨቃጨቅኩትም። እያንዳንዱን ቀን እያነበብኩ «ይሄን ቀን ቀርበዋል? መዝገቡ አልቀረቡም ይላል» ብቻ ነው ያልኩት። ሦስተኛው ላይ ዝም አለ።

በመጨረሻ ለሠራው ሥራ ሁሉ 90 ሺህ ብር ተስማማን። 60 ሺሁ ተቀነሰ። ቀሪውን 30 ሺህ በባንክ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። «ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀትም ፈረመልኝ። ይህቺን ወረቀት እንዳትረሺ። ያለሷ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ፋይሉንም ያኔውኑ በዝርዝር ቆጥሬ ተረከብኩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የምትከፍዪው ሁሉ ካንቺ ኪስ ብቻ መውጣት የለበትም። ከውርሱ ላይ የሚከፈለው ተራ አለው፦ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። ስለዚህ ለውርሱ የወጣውን የጠበቃ ክፍያ ደረሰኙን ይዘሽ ለውርስ አጣሪው አቅርቢ፣ ሪፖርቱ ላይ እንዲያሰፍረው ጠይቂ። ደረሰኝ የሌለውን ግን አይቀበልሽም። የእኔ አጣሪ 30 ሺሁን ተቀበለ። ከ60 ሺሁ ደረሰኝ ያገኘሁለትን ግማሹን ብቻ ነው የያዘልኝ፤ ሌላው በሐዘኔ ላይ የተጨመረ ኪሳራ ነው።

ዝርዝሩን ሲልክልሽ የሰውየውን ስምና ያንቺን ስም ሸፍነሽ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልኝ፤ መስመር በመስመር አየዋለሁ። እስከዚያ ሬጅስትራሩ ጋ ማመልከቻውን አስገቢ። ግልባጩ እጅሽ ሳይገባ የጠበቃው ቢሮ አትሂጂ። ከደወለ «በጽሑፍ ይላኩልኝ» ብለሽ ዝጊው።