የመኪና ጥያቄና መልስ፦ «መሪውን አዞራለሁ፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ2008 ቶዮታ ያሪስ አለችኝ፤ ማርሿ የእጅ ነው፣ 140 ሺህ ማይል ሄዳለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ወስዶኝ አውቶክሮስ ጀመርኩ። እንደሚያውቁት በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ኮን ይደረደራል፣ ተራ በተራ እየገባን በሰዓት እንለካለን። አራት ጊዜ ተወዳደርኩ፣ አራቱንም ጊዜ ከምድቤ መጨረሻ ወጣሁ። ጠበብ ያለ መታጠፊያ ላይ መሪውን ባዞርም መኪናዋ ወደ ውጭ ትገፋለች፣ የፊት ጎማዎቿ ይጮኻሉ። ጓደኞቼ «አጭር ሞላ አስገባና ዝቅ አድርጋት» ይሉኛል። 900 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ከየት ልጀምር?
ኪ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞላውን ተወው። ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። እኔም ያንተን የመሰለች ያሪስ ነበረችኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ስለሠራሁ የመኪና እግር ፈትቶ መግጠም አይከብደኝም። እናም እዚህ ቨርጂኒያ መወዳደር በጀመርኩበት ዓመት፣ ጎማዬን እንኳ ሳላይ አጭር ሞላ ገጠምኩላት። መኪናዋ አማረች፤ ሰዓቴ ግን ባሰበት።

ምክንያቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። የያሪስ የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ጎማውን ይይዙታል። እንዲህ ያለ መኪና ዝቅ ሲል ከታች ያለው ክንድ አቅጣጫው ይበላሻል፣ ኩርባ ላይ አካሉ ሲያዘነብልም ጎማው አናቱን ወደ ውጭ ጥሎ አስፋልቱን በጠርዙ ብቻ ይረግጣል። በዚያ ላይ አሞርዛተሩ የሚወርድበት ርቀት ስለሚያጥር ቶሎ ላስቲክ ማቆሚያው ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ እግሩ ድርቅ ይላል፣ ጎማውም ባላሰብከው ቅጽበት ይለቃል። ሌላም ጣጣ አለው። የምትወዳደረው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ፣ ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ. በምንለው ደንብ ከሆነ፣ «ስትሪት» የሚባለው ምድብ ሞላ መቀየር አይፈቅድም። ሞላ የቀየረ ሰው «ስትሪት ቱሪንግ» ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ሰፋፊ ቸርኬ ከገጠሙና መኪናቸውን ለዓመታት ካስተካከሉ ሰዎች ጋር ትጋፈጣለህ።

አሁን ባለህ ጎማ ጀምር። ከውድድሩ በፊት አንድ ዘንግ ጠመኔ ግዛ። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ፣ ከመርገጫው ጫፍ እስከ ጎኑ የሚወርድ መስመር በሦስት ቦታ አስምር። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት ታገኛለህ፤ እሷን መለኪያ አድርጋት። አንድ ዙር ነድተህ ስትመለስ ጠመኔው ከምልክቷ አልፎ ወደ ጎኑ ከጠፋ፣ ጎማው በጎኑ እየተኛ ነውና ንፋስ ጨምር። መርገጫው ጫፍ ላይ ጠመኔው ሳይነካ ከቀረ ደግሞ ንፋሱ በዝቷል፣ ቀንስ። በሁለት ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ብቻ እየጨመርክ ወይም እየቀነስክ ሂድ፤ በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ከለወጥክ የረዳህን ከጎዳህ መለየት አትችልም። በእኔ ያሪስ የፊቱን ከ32 ወደ 38፣ የኋላውን ወደ 40 ሳደርስ፣ በዚያው ቀንና በዚያው መንገድ ከ54.6 ሰከንድ ወደ 53.4 ወረድኩ። ወጪው የጠመኔው ዋጋ ነበር። የኋላው ከፊቱ መብለጡ አይግረምህ፤ የፊት ጎማ የሚነዳት መኪና ናት፣ የኋላውን በመጠኑ ቀለል ስታደርገው ኩርባ ላይ ትዞርልሃለች። ግን በአንዴ አታብዛው፣ ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ መልሰህ አስተካክለው።

አንድ ነገር አደራ፦ ንፋሱን ጠዋት ለክተህ እስከ ማታ አትተወው። ጎማው 10 ዲግሪ ፋረንሃይት በሞቀ ቁጥር ወደ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል። በሐምሌ አስፋልት ላይ ሦስት ዙር ከነዳህ ጠዋት ያስተካከልከው ሌላ ጎማ ሆኖ ይጠብቅሃል። ከየዙሩ በኋላ ለካ፣ ቁጥሩንም ደብተር ላይ ጻፈው።

አሁን ወደ ገንዘብህ እንምጣ። ከ900ው ትልቁ ድርሻ ለጎማ ይሁን። የአንተ ጎማ የአራቱም ወቅት ጎማ መሆኑን ሳላየው እገምታለሁ፤ ለዕለት መንገድ ጥሩ ነው፣ ለኮን ግን ጥርሶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ሲታጠፍ ይርገፈገፋሉ፣ ላስቲኩም ደረቅ ነው። ጎማው ጎን ላይ «ትሬድዌር» የሚል ጽሑፍ ከቁጥር ጋር አለ፤ ጎማው ምን ያህል ቶሎ እንደሚበላ ይናገራል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቶሎ ይበላል። የስትሪት ምድብ ቢያንስ 200 ይጠይቃል፣ እንደ ብሪጅስቶን አርኢ-71አርኤስ እና ዮኮሃማ ኤ052 ያሉት ለዚሁ ጨዋታ የተሠሩ ባለ 200 ናቸው። ያሪስህ ላይ ያለው 185/60 አር15 ከሆነ፣ በዚያው በ15 ኢንች ቸርኬህ ላይ 195/50 አር15 ይገጠማል። ስሌቱን እኔው ላድርግልህ፦ የጎማው ቁመት ከ603 ሚሊሜትር ወደ 576 ይወርዳል። መኪናዋ ሞላ ሳትነካ 13 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ከኮን ስትወጣም ሁለተኛ ማርሽ የበለጠ ይጎትታል። የፍጥነት መለኪያህ ከእውነተኛው ትንሽ አብልጦ እንደሚያሳይ ብቻ አስታውስ። እነዚህ ጎማዎች ብርድ አይወዱም፤ ውኃ በረዶ በሚሆንበት ቅዝቃዜ ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ክረምት ሳይገባ አውልቀህ ቤት ውስጥ አስቀምጣቸው።

የተረፈህን ለአሞርዛተርና ለአላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቀማመጥ ለማስተካከል አድርገው። 140 ሺህ ማይል የሄደ አሞርዛተር ዘይት ባያፈስም ጉልበቱ አልቋል፣ ደንቡም መቀየሩን ይፈቅዳል። አላይመንት ሠሪው ጋ ስትሄድ «ፋብሪካው ባለው ልክ» ብለህ አትተወው። የፊት ጎማዎቹ አናታቸውን ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ የሚቻለውን ያህል እንዲሰጥህ፣ አፍንጫቸው ደግሞ በጠቅላላው 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲከፈት ንገረው። አንተ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ይለካ፤ ብቻህን ነው የምትነዳት። በየቀኑ 495 አውራ ጎዳና ላይ የምትመላለስባት ከሆነች ግን የጎማው የውስጥ ጠርዝ ቶሎ እንደሚበላ እወቅ። የኋላ ስታብላይዘር ባር፣ ማለትም ኩርባ ላይ አካሏ ብዙ እንዳያዘነብል የሚይዘውን ዘንግ፣ ስለመጨመር ይነግሩሃል። ይጠቅማል፣ ግን ለሁለተኛው ዓመትህ ይቆይ።

ከዚህ ሁሉ የማያንሰው ደግሞ ደብዳቤህ ውስጥ አለ። «መሪውን ባዞርም ወደ ውጭ ትገፋለች» ብለሃል። ስትገፋ ምን ታደርጋለህ? ሁላችንም የምናደርገውን፦ መሪውን የባሰ እናዞራለን። ጎማ አንድ እንጀራ ነው፤ ፍሬንም ቤንዚንም መሪም ከእሱ ነው የሚቆርሱት። ኮኑ ጋ ፍሬን እየያዝክ ከገባህ ፍሬኑ ድርሻውን ወስዷል፣ ለመሪው የቀረው ቁራሽ ነው። ያን ጊዜ መሪውን ስትጨምርበት ጎማው አስፋልቱን መፋቅ ይጀምራል፣ ጩኸቱም ይኸው ነው። ስለዚህ ፍሬንህን መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ካሰብከው ቀደም ብለህ ጨርስ። ከዚያ አዙር። ከገፋችህ መሪውን ጥቂት መልስላት፣ ቤንዚኑንም አንሳ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጎማው እንደገና ሲይዝ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኝ አብሮኝ የተቀመጠ አንድ የቆየ ተወዳዳሪ ነው። እጁን መሪዬ ላይ አድርጎ ሩብ ዙር ያህል መለሰው፣ መኪናዋም ታጠፈች። ከንፋስ ቀጥሎ ትልቁን ሰከንድ የሰጠኝ እሱ ነው። አንተም በሚቀጥለው ውድድር ከምድብህ ቀዳሚ የሆነውን ሰው አብሮህ እንዲቀመጥ ለምነው፤ በዚህ ጨዋታ እምቢ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። መንገዱንም ሳትነዳ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእግርህ ዙረው። አንድ ኮን መምታት 2 ሰከንድ ያስጨምራል፣ በጎማ የገዛኸውን ሁሉ ይበላዋል።

ከመሄድህ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን በመለኪያ ቁልፍ አጥብቅ። ወንበር ስር ያለውን የውኃ ጠርሙስም አውጣ፤ ፍሬን ስር ከተንከባለለ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ። ሰፈራችን ያለ ሠራተኛ ሞላውን በግራይንደር ቆርጦ ዝቅ ያደርግልኛል፣ መንገድ ላይ ይበልጥ ትይዛለች ይለኛል። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ገርጂ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም፣ እባክህ አታስቆርጥ። ቪትዝህና ከላይ የተነጋገርንባት ያሪስ የአንድ ቤተሰብ መኪኖች ናቸው፣ የኋላ ሞላቸው ከአሞርዛተሩ ተነጥሎ ለብቻው የሚቀመጥ ነው። ሞላውን በቦታው የሚይዘው ከላይ የሚጫነው የመኪናዋ ክብደት ነው። ተቆርጦ ካጠረ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ያ ደግሞ ልጆችህን ጭነህ ቀለበት መንገድ ላይ እያለህ ሊሆን ይችላል።

መያዟ የሚያሳስብህ ከሆነ ገንዘብህን ይዘህ ጎሚስታ ጋ ሂድ። መጀመሪያ ግን የጎማህን ጎን አንብብ፤ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2314 የሚል ካየህ በ2014 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፣ ቀይረው።