«ፓስፖርትሽ የት ነው?» በልብስ ፋብሪካዎች የአቅርቦት ሰንሰለት ስላለው የግዳጅ ሥራ ጥያቄና መልስ

በኢትዮጵያና በዮርዳኖስ በሚገኙ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከዘመናዊ ባርነት ጋር በተያያዘ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው ደመወዝ እየተከፈለው «ባርነት» ማለት ማጋነን አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ዋናው መለኪያ ደመወዝ መኖር አለመኖሩ ሳይሆን፣ ሰውየው ሥራውን ትቶ መሄድ መቻል አለመቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣውና ኢትዮጵያም በ2003 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 29፣ የግዳጅ ሥራ የሚለው አንድ ሰው በቅጣት ማስፈራሪያ ሥር ሆኖ፣ በገዛ ፈቃዱ ሳይገባበት የሚሠራውን ማንኛውንም ሥራ ነው። ድርጅቱ ይህን ለመለየት 11 ምልክቶችን ያስቀመጠ ሲሆን፣ እኔ በልብስ ፋብሪካዎች ደጋግሜ ያየኋቸው ግን ሦስቱን ነው፤ ሰነድ መያዝ፣ ደመወዝ ማገትና ሠራተኛን በዕዳ ማሰር። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰዎች በግዳጅ ሥራ ላይ እንደነበሩ ይገመታል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርቻለሁ። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም ነበር። ይህስ ከዚያ ይቆጠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ በደል ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን የግዳጅ ሥራ አይደለም። እንዲያውም በሐዋሳ ሠራተኞች በብዛት እየለቀቁ ይሄዱ የነበረ መሆኑ፣ ቢያንስ የመሄድ ነጻነታቸው እንዳልተነካ ያሳያል። ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱንም በራሱ ስም ልንጠራው ይገባል። መስመሩ የሚታለፈው ለመልቀቅ ስትጠይቂ «የሥልጠናሽን ወጪ ካልከፈልሽ» ተብሎ የመጨረሻው ወር ደመወዝ ሲታገት፣ ወይም ትርፍ ሰዓት አልሠራም ያለች ሠራተኛ ቅጣት ሲጠብቃት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ችግሩ በብዛት የሚገኘው የት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚፈልገው በስፌት አዳራሹ ውስጥ ነው፤ እኔ ያገኘሁት ግን ሠራተኛዋ ገና ከአገሯ ሳትወጣ ደላላው ቤት ነው። በዮርዳኖስ ለውጭ ገበያ በሚያመርቱ ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ሠራተኞች ከባንግላዴሽ፣ ከስሪላንካ፣ ከሕንድና ከኔፓል የመጡ ናቸው። በአንድ ፋብሪካ የሴቶች መኝታ ክፍል ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች አየሁ። የአልጋው ባለቤት ለደላላ ለመክፈል ቤተሰቧ የተበደረውን ገንዘብ የምትከፍልባቸውን ወራት እየቆጠረች ኖሯል። አሥራ አንዱ ተሰርዘዋል፤ ያልተሰረዙት ግን ይበልጡ ነበር። ፓስፖርቷ የት እንዳለ ስጠይቃት «ቢሮ፣ ለጥንቃቄ» አለችኝ። ቢሮ ሄጄ ሳይ፣ በተቆለፈ የብረት ካቢኔ ውስጥ ከእያንዳንዱ ፓስፖርት ጋር «በፈቃዴ አስቀምጫለሁ» የሚል ወረቀት ተያይዟል፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ የተፈረሙ ናቸው። የማታመልጠው በር ስለተቆለፈባት አልነበረም፤ ብትመለስ አበዳሪው ደጃፍ ላይ ስለሚጠብቃት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የመከላከያ እርምጃ የቅጥር ወጪን በሙሉ አሠሪው እንዲከፍል በውል ማስገደድ፣ ከዚያም ለማን ስንት እንደከፈለች ሠራተኛዋን ራሷን መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ሁኔታን የሚፈትሹ ኦዲተሮች በየጊዜው ይመጣሉ፤ ለምን አያገኙትም?

መልስ፦ ቀኑ አስቀድሞ ስለሚነገር፣ ቃለ መጠይቁም በሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ፋብሪካው ባቀረበው አስተርጓሚ ስለሚካሄድ ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያውም ለኦዲት ሲባል ሊዘጋጅ ይችላል። ለአዲስ ኦዲተር የምመክረው የመርፌ መዝገቡን እንዲጠይቅ ነው። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ልብስ ውስጥ እንዳይቀር ሁሉም ተለቅሞ፣ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከማሽኑ ቁጥር ጋር ወረቀት ላይ ይለጠፋል። የሰዓት መቆጣጠሪያው «ዓርብ ዝግ ነበር» ሲል፣ መዝገቡ ደግሞ ዓርብ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት መርፌ መሰበሩን ሲያሳይ፣ እውነቱን የሚናገረው መርፌው ነው። ይህን መዝገብ ለማስተካከል ብዙዎች ትዝ አይላቸውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ አነስተኛ ፋብሪካ አለኝ፤ ጨርቅ ከቱርክና ከቻይና አስመጥቼ ለአውሮፓ እሰፋለሁ። እኔን ምን ይመለከተኛል?

መልስ፦ በእጅጉ ይመለከትዎታል። ከእርስዎ ስፌት ጀርባ ሽመናና ማቅለሚያ፣ ከዚያ ፈትል፣ ከዚያ መዳመጫ፣ መጨረሻ ላይ የጥጥ ማሳ አለ። አስቸጋሪው ፈትሉ ላይ ነው፤ ፈታዩ ከተለያዩ አገሮች የመጣ ጥጥ ስለሚቀላቅል፣ ከዚያ በኋላ የማን ጥጥ እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። በቱርክሜኒስታን መምህራንና ሐኪሞች ሳይቀሩ ለዓመታት ጥጥ ለቀማ ሲላኩ ኖረዋል፤ አልሄድም ያለ በምትኩ ሰው ቀጥሮ እንዲልክ ይገደድ ነበር፤ ያ ጥጥ ደግሞ ወደ ቱርክ ይገባል። በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ በሚገኙ መፍተያዎች፣ ሦስት ዓመት ለሠራች ልጃገረድ በመጨረሻው ለጥሎሽ የሚሆን ጥቅል ገንዘብ እንደሚሰጣት ቃል የሚገባበት አሠራር ነበር፤ ጊዜው ሳይሞላ የወጣች ታጣዋለች። ስለዚህ ከጨርቅ ሻጭዎ የፈታዩንና የመዳመጫውን ስም፣ ከግዢ ደረሰኞች ጋር፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ምስጢር ነው» ካለዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሕጎቹ ጥርስ አላቸው?

መልስ፦ ይለያያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ ድርጅቶች በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ ሆኖም «ምንም እርምጃ አልወሰድንም» የሚል መግለጫም ሕጉን ያሟላል። አሜሪካ ከጁን 2022 ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገችው ሕግ ግን ከቻይናዋ ሺንጂያንግ ክልል የመጣ ማንኛውም ዕቃ በግዳጅ ሥራ እንደተመረተ ስለሚገምት፣ የማስረዳቱ ሸክም አስመጪው ላይ ይወድቃል። የአውሮፓ ኅብረት በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ከገበያው የሚያግደው ደንብም ከዲሴምበር 2027 አጋማሽ ጀምሮ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ፋብሪካዎችን ብቻ ነው የምንወቅሰው?

መልስ፦ አይደለም። ልብሱን ያዘዘው ደንበኛ ዕቃው ሊጫን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቀለም ይለውጣል፣ የመረከቢያውን ቀን ግን አይለውጥም። ፋብሪካው ትዕዛዙን ማንም ለማያውቀው ንዑስ ተቋራጭ ያሳልፋል፤ ኦዲተር ደጁን የማይረግጠው እዚያ ነው። ወቀሳውን እኩል ይካፈሉት።

ጥያቄ፦ ልብስ የሚያቀርብልን ፋብሪካ ዘንድ ችግሩን አገኘነው። ውሉን እናቋርጥ?

መልስ፦ ወዲያው ማቋረጥ ለስማችሁ ይበጅ ይሆናል፤ ሠራተኞቹን ግን ከነዕዳቸው ያለ ሥራ ይጥላቸዋል። አስቀድማችሁ ፓስፖርቶቹ በእጃቸው እንዲገቡ፣ የሚቆልፉበትም የግል ሳጥን እንዲሰጣቸው አድርጉ፤ ከዚያ እያንዳንዷ ለደላላ የከፈለችው ተሰልቶ፣ የእናንተም ድርሻ ተጨምሮበት ይመለስላት። ደረሰኝ ከሌላት ከአንድ አካባቢ የመጡ ጓደኞቿ የከፈሉትን መነሻ ማድረግ ይቻላል። ፋብሪካው ፈቃደኛ ካልሆነ ውሉን ማቋረጥ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ገንዘቡ እጃቸው መግባቱንም ከፋብሪካው ግቢ ውጭ፣ ከራሳቸው አንደበት ሳትሰሙ «ጉዳዩ ተዘግቷል» ብላችሁ አትጻፉ።