አባቴ ከስትሮክ በኋላ መናገር አቃተው፤ እኔንስ ማን ያግዘኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁና እግሩ ደከሙ። አሁን በከዘራ ይራመዳል፤ ንግግሩ ግን አልተመለሰም፣ ለሁሉም ነገር «እሺ» ነው የሚለው። የሚፈልገው የሚገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሥራዬን ትቻለሁ፣ እንቅልፍም የለኝም። ወንድሞቼ «አንቺ ነሽ የምታውቂበት» ይሉኛል። ድጋፍ ከየት ላግኝ? (ከደሴ)

መልስ፦ አባትዎን የያዛቸው አፌዥያ ይባላል፤ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የመናገርና የቋንቋ ችግር ነው። በአብዛኛው ሰው ቋንቋን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፤ ቀኝ እጅና እግርንም የሚያዘው እሱ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይጎዳሉ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ይህ ይደርስባቸዋል። ቃሉ ጠፋባቸው እንጂ ማስተዋላቸው አልጠፋም፤ ሰው ይለያሉ፣ ያዝናሉ፣ ይናደዳሉ። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆንም መሻሻሉ ከዓመት በኋላም ይቀጥላል።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ «የሚገባኝ እኔ ብቻ ነኝ» ያሉት ነው። ልጅም፣ አስታማሚም፣ አስተርጓሚም ሆነዋል፤ የሚተካዎት የጠፋውም ለዚህ ነው። ወንድምዎ ግማሽ ቀን አብሯቸው መዋል የሚፈራው አባቱ ሲቸገሩ ምን እንደሚፈልጉ ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ድጋፍ እሳቸውን ማናገር የሚችል ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው ማሠልጠን ነው።

አንድ ቅዳሜ ወንድሞችዎን ይጥሩና እያደረጉ ያሳዩዋቸው። ቴሌቪዥኑና ሬዲዮው ይዘጋ። የሚያናግራቸው ሰው ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ አጭር ጥያቄ አንድ ብቻ ይጠይቅ፣ ከዚያ በልቡ እስከ አሥር እየቆጠረ ዝም ይበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መልሱ ሲዘገይ ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ይደግመዋል፣ እሳቸው ግን የመጀመሪያውን እንኳ ገና አልጨረሱም። የእሳቸውን «እሺ» ደግሞ እንደ መልስ አትቁጠሩት፤ አፋቸው ላይ የቀረ ቃል ነው። «ሻይ ነው ውሃ?» ከማለት ሁለቱን ብርጭቆዎች አሳይቷቸው፣ በግራ እጃቸው ይጠቁሙ። የቀኝ በኩል እይታቸውም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል የምታሳዩትን ነገር ትንሽ ወደ ግራ አድርጉት።

አንድ ደብተር ገዝተው በትልልቅ ፊደልና በሥዕል ስድስት ነገር ብቻ ያስፍሩ፦ ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ ሕመም፣ ብርድ፣ እንቅልፍ። ሲለምዱት ይጨምሩ፤ መጀመሪያ ላይ ከበዛ ግራ ያጋባቸዋል። የቤተሰቡን ፎቶም ይለጥፉበት። በቃል የተያዘ ነገር ብዙ ጊዜ ከንግግር ቀድሞ ይመለሳል። «ውሃ» ማለት ያቃተው ሰው የለመደውን ጸሎት አብሮ ሲል፣ የሳምንቱን ቀናት ሲቆጥር፣ መዝሙር ወይም መንዙማ ሲያዜም ያስደንቃል። በየቀኑ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ይህን አብሯቸው ቢያደርግ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ለልጅ ልጅም የሚሰጥ ሥራ ነው።

ጠያቂ መምጣቱ መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ስምንት ሰው ባንዴ ሲያወራ ለአባትዎ ሁሉም ጫጫታ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እሳቸው እየሰሙ «ያ ሁሉ አንደበት የት ሄደ» የሚል ሰው ካለ በትሕትና ያስቁሙት።

«አይዞሽ፣ ምን ልርዳሽ?» ለሚልዎት ሰው «ኧረ ምንም» አይበሉ። የተቆረጠ ሥራ ይስጡት፦ ጎረቤት ማክሰኞ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ሰዓት አጠገባቸው ትቀመጥ፣ አንዱ ወንድም የግፊት መድኃኒቱን እያየ ከማለቁ ሳምንት በፊት ይግዛ፣ ሌላው በሳምንት ሁለት ሌሊት አብሯቸው ይደር። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለ ለአንድ ረዳት የግማሽ ቀን ክፍያ እንዲችል ይጠይቁት። እድራችሁንም ይጠይቁ፤ እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው?

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን በጣም ጥቂት ነው። ሪፈራል ከተገኘ ይሂዱ፣ አንድ ቀን ቢሆንም እንኳ የቤት ልምምድ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁና በስልክዎ ይቅረጹት። የፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ ደግሞ አባትዎን ከአልጋ አነሣሥ ያስተምርዎት። የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት ትከሻቸውን ሊያወልቅ፣ የእርስዎንም ወገብ ሊጎዳ ይችላል።

ለሚተካዎት ሰው ሁሉ ሁለት ነገር በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉ። ሲበሉና ሲጠጡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ቢያስላቸው ወይም ድምፃቸው እንደ ረጠበ ቢሆን መመገቡ ይቁምና ሐኪም ይያቸው፣ ምግብ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ፊታቸው በድንገት ቢጣመም፣ ሌላ እጅ ወይም እግር ቢደክም፣ የነበረው ንግግር ቢጠፋ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰዱ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ከስትሮክ በኋላ ድብርት የተለመደ ነው፤ የማይናገር ሰው ላይ ደግሞ ይደበቃል። ምግብ እምቢ ካሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከዋሉ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ይታከማል። እርስዎም እንቅልፍ ማጣቱ፣ ያለ ምክንያት ማልቀሱ፣ ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለራስዎ ካርድ አውጥተው ይታዩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አባትዎ ግፊታቸውን ሲለኩ እርስዎም ክንድዎን ይዘርጉ።